በግራ እጁ የፈረመው ሰው

አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ያለው ሰው ነበር። ስሙ ታኔሊ ነው። የሚኖረው በሰሜን በኩል፣ ብርዱ ስድስት ወር በሚቆይበት ከተማ ውስጥ ነበር። ከአምስት ሠራተኞች ጋር በርና መስኮት ይሠራል፤ ሥራው የተመሰገነ፣ እሱም በሰፈሩ የተከበረ ሰው ነበር።

ታኔሊ ከሥራው ቀጥሎ የሚወደው የከተማውን የበረዶ ሆኪ ቡድን ነው። ጨዋታው የእኛን የገና ጨዋታ ይመስላል። ልዩነቱ ተጫዋቾቹ ከሥሩ ስለት ያለው ጫማ አድርገው በበረዶ ላይ ይንሸራተታሉ፤ በቆልማማ ዱላ የሚያሳድዱትም ክብ ሩር ሳይሆን ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ ነው። ታኔሊ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በስታዲየሙ አንድ ቦታ ላይ፣ ከባቡር ሾፌሩ ከኤስኮ ጎን ተቀምጧል። ከኋላቸው ደግሞ አርቮ የሚባል አናጺ ይቀመጣል። አርቮ የታኔሊ ሠራተኛ ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመት አብሮት ሠርቷል። ዝምተኛ ሰው ነው። ጎል ሲገባ እንኳ ማጨብጨብ የሚጀምረው ሌላው ሲጨርስ ነው ይሉታል።

በአንዱ ዓመት፣ ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ የቡድኖቹ ባለቤቶች አዲስ ውል አመጡ። ውሉ ተጫዋች ተጎድቶ ከሁለት ወር በላይ ከሜዳ ከራቀ ባለቤቱ እንዲያሰናብተው ይፈቅዳል። ተጫዋቾቹ አንፈርምም አሉ። ባለቤቶቹም ካልፈረማችሁ አትጫወቱም ብለው የስታዲየሞቹን በር ቆለፉ። እኛ ዘንድ “በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ” ይባላል። እዚያ ግን ጌቶቹ ተቆጡ።

የከተማው ሰው ይህን ውል በሩቁ አላየውም። የቡድናቸው አጥቂ ባለፈው ዓመት የመጨረሻ ጨዋታ ላይ ጉልበቱ ሲሰበር ሁሉም በዓይኑ አይቷል። ውሉ ከጸደቀ መጀመሪያ የሚባረረው እሱ እንደሆነ ያልገባው አልነበረም።

ጨዋታ የሌለበት ቅዳሜ ይረዝማል። ደጋፊዎቹ ከስታዲየሙ ፊት ለፊት ባለው የፀጉር አስተካካይ ቤት መሰብሰብ ጀመሩ። ፀጉሩን የሚስተካከለው ጥቂት ነው፤ የቀረው ጋዜጣ ያነባል፣ ይከራከራል። በክርክሩ ታኔሊ ለተጫዋቾቹ፣ ኤስኮ ለባለቤቶቹ ቆሙ። ሰዎች በዚህ ይገረሙ ነበር፤ አሠሪው ለሠራተኞች፣ ሠራተኛው ለአሠሪዎች ይሟገታሉና። ኤስኮ ግን የራሱ ምክንያት ነበረው። ወገቡን ከታመመ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ እንደታመመ ባቡሩን ይነዳል። ለእሱ ያልተደረገ ነገር ዕድሜያቸው የእሱን ግማሽ ለሆነ፣ ስማቸው በየግድግዳው ለተለጠፈ ወጣቶች ለምን እንደሚደረግ አይገባውም ነበር።

ታኔሊ በንግግር ይበልጠዋል። በተለይ አንድ ቅዳሜ የተናገረው ነገር በሰፈሩ ሁሉ ተወራ።

“ሰው መጋዝ አይደለም” አለ። “ሲዶለዱም አውጥተህ ሌላ አትገጥምበትም። ያ ልጅ ጉልበቱን የሰበረው ለእኛ ሲሮጥ ነው።”

የሰሙት አጨበጨቡ። ኤስኮ ብቻ ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ፊቱን ሸፈነ።

በዚያው ሳምንት ታኔሊ ለባለቤቶቹ የሚላክ ደብዳቤ ጻፈ። በጥሩ ቋንቋ የተጻፈ፣ ቁጣውም ልኩን ያላለፈ ደብዳቤ ነበር። የተጎዳ ሰው እስኪድን ቦታው ይጠበቅለት ይላል። ፀጉር አስተካካዩ ወረቀቱን መስተዋቱ ሥር አስቀመጠው፤ የገባ ሁሉ ፈረመበት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት መቶ ያህል ሰው ፈረመ። የከተማው ጋዜጣም ደብዳቤውን ከታኔሊ ፎቶግራፍ ጋር አወጣው። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ የማያውቁት ሰዎች ሳይቀሩ ባርኔጣቸውን እያነሱ ሰላም ይሉት ጀመር።

ኤስኮ ግን አልፈረመም። እንዲያውም ሁለቱ ጓደኛሞች በዚህ ሰበብ መነጋገር አቆሙ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንዱ በር አጠገብ፣ ሌላው ምድጃው አጠገብ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ለሌላው የሚለውን የሚናገረው ለፀጉር አስተካካዩ ነው።

ደብዳቤው ሊላክ በቀረበበት ቅዳሜ ኤስኮ ወረቀቶቹን አነሳና አገላበጣቸው። የሚያላግጥበት ነገር እየፈለገ ነበር፤ አገኘም። አንደኛው ገጽ ላይ የተንጋደደና የተንቀጠቀጠ፣ ከመስመሩ የወጣ ስም አለ።

“ሰው ቢያልቅበት ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን አስፈርሟል” አለ ለፀጉር አስተካካዩ።

ፀጉር አስተካካዩ ጎንበስ ብሎ አየው። “የሕፃን አይደለም፣ የአርቮ ነው” አለ። “እዚሁ ቆሞ ሲፈርም አይቼዋለሁ። ቀኝ እጁ ተጠቅልሎ ስለነበር በግራው ነው የፈረመው።”

ኤስኮ ሳቁን ተወ። አርቮን ካየው ስንት ጊዜ እንደሆነው ሊያስታውስ ሞከረ፤ አልቻለም። ከዚያም ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ታኔሊ ዞሮ አነጋገረው።

“አርቮ ምን ሆኖ ነው?”

ታኔሊ የሆነውን ተናገረ፤ የሚደብቀው ነገር ያለ አልመሰለውም ነበር። ከሰባት ሳምንት በፊት የኤሌክትሪኩ መጋዝ የአርቮን ቀኝ እጅ አገኘው። ሁለት ጣቶቹን ወሰደበት፤ ሦስተኛውም አይታጠፍም። ሆስፒታል ያደረሰው ራሱ ታኔሊ ነበር፣ በራሱ መኪና። በማግስቱም ፍራፍሬ ይዞ ጠይቆታል። ከዚያ ቤትህ ሄደህ እረፍ አለው። የአንድ ትምህርት ቤት መስኮቶች ቶሎ ማለቅ ስለነበረባቸውም ሌላ አናጺ ቀጠረ። ታኔሊ ክፉ ሰው አይደለም። ሥራ በዛበት፣ ቀን ቀንን ወለደ፣ በዚያ ላይ ስለ አጥቂው የሚጻፍ ደብዳቤ ነበረ። በዓለም ላይ ካለው በደል ብዙው እንዲህ ነው የሚፈጸመው።

“ሲድንስ ይመለሳል?” አለ ኤስኮ።

“እንዴት ብዬ?” አለ ታኔሊ። “ቦታው ተይዟል። የእኔ ቤት ትንሽ ነው፤ ሥራው ሰው አይጠብቅም …”

እዚህ ላይ ቆመ። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው የዕለቱ ጋዜጣ በትልልቅ ፊደል የባለቤቶቹን መልስ ይዞ ወጥቷል፤ “ውድድሩ ሰው አይጠብቅም” ይላል። ታኔሊ ያንን ርዕስ ጠዋት አንብቦ ተናዶበት ነበር። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዓይኑን ከጋዜጣው ወደ እሱ አመጣ። ፀጉር አስተካካዩም መቀሱን አስቀመጠ።

ኤስኮ በክርክሩ ያሸነፈው ያን ጊዜ ነው። ሆኖም ደስ አላለውም። ለዓመታት ከኋላው ሲቀመጥ የኖረው ሰው ሁለት ጣቱን አጥቶ ሳለ፣ እሱ ሰባት ሳምንት ሙሉ ስለማያውቀው ሰው ጉልበት ሲጨቃጨቅ ከርሟል። ኮቱን ለበሰና፣ “የአርቮን ቤት ታውቀዋለህ?” አለው ታኔሊን።

ታኔሊ አያውቀውም ነበር።

በማግስቱ ጠይቀው አገኙት። ቤቱ ኤስኮ በየቀኑ በሚነዳው ባቡር መጨረሻ ጣቢያ፣ ከአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። በሩን የከፈተችው የአርቮ ሚስት ናት። ሁለቱን አየቻቸው፤ ግቡ አላለችም።

“ሌላ የሚፈረም ነገር አምጥታችሁ ነው?” አለች።

አርቮ ከውስጥ ሰምቷት ኖሮ ተነሥቶ አስገባቸው። ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ድንች ይልጥ ነበር። ቢላውን የያዘው በግራው ነው፤ ከሚልጠው ይልቅ ከልጣጩ ጋር ቆርጦ የሚጥለው ይበልጣል። ሲያዩት ቢላውን አስቀመጠ። ጥቂት ስለ ብርዱ ተነጋገሩ። ከዚያ ታኔሊ መታገሥ አቃተው።

“ለምን አልነገርከኝም?” አለ።

“ምኑን ልንገርዎት?” አለ አርቮ። “ሲቆረጥ አጠገቤ ነበሩ።”

ታኔሊ አንገቱን ደፋ። የመጋዙን ስለት የሚሸፍነው መከለያ ከተሰበረ አንድ ዓመት እንዳለፈው፣ አርቮም ሁለት ጊዜ እንዳሳሰበው የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። አርቮ ያንን በኤስኮ ፊት አላነሳውም። ታኔሊ ግን ራሱ አነሳው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ለኤስኮ ነገረው። ይህን ሲናገር ድምፁ በፀጉር አስተካካዩ ቤት እንደሚሰማው አልነበረም።

“ታዲያ ያን ደብዳቤ ለምን ፈረምክበት?” ብሎ ጠየቀው በመጨረሻ። “ስትፈርም ስለ እኔ ምን እያሰብክ ነበር?”

“የልጁ ጉልበት አሳዝኖኝ ነው” አለ አርቮ። “ደግሞ የተጻፈው እውነት ነው። በደንብ አድርገው ነው የጻፉት።”

አርቮ ይህን ያለው ሊወጋው አልነበረም፤ ታኔሊን የወጋውም ይኸው ነው። ታኔሊም ሰኞ ወደ ሥራህ ተመለስ አለው። አርቮ ወዲያው እሺ አላለም። በእሱ ቦታ ስለገባው አናጺ ጠየቀ። ባለ ሁለት ልጅ ነው ተብሏል፣ እንዴት ይሆናል አለ። ታኔሊ ይህን አላሰበበትም ነበር። አርቮም፣ ያንን ሰው አስወጥቶ እሱን መመለስ በደሉን ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት ማዛወር እንደሆነ፣ እንዲያ ከሆነ እንደማይመለስ ነገረው። ታኔሊ ሁለታችሁንም አቆያለሁ አለ። እንዴት እንደሚያደርገው ሲናገር አላወቀም።

ቀላልም አልሆነለት። አርቮ መጋዝ አይነካም። በየደንበኛው ቤት እየሄደ መስኮት እንዲለካና እንጨት እንዲመርጥ ተደረገ፤ ለእንጨት እንደ እሱ ዓይን ያለው አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን በግራ እጁ የሚጽፈው ቁጥር አይነበብም። በዚህ የተነሳ የአንድ ሙሉ ቤት መስኮት ጠብቦ መጣ፤ እንደገና ተሠራ። ታኔሊ ያን ቀን ጥርሱን ነክሶ ዋለ። ሁለት ሦስት ደንበኞችም ሥራው ዘገየብን ብለው ወደ ሌላ ሄዱ። የመጋዙ መከለያ ተጠገነ። በዓመቱ መጨረሻ አርቮ የሚጽፈው ቁጥር ከታኔሊ ቁጥር ይልቅ ይነበብ ነበር። አዲሱ አናጺም እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

የባለቤቶቹና የተጫዋቾቹ ጠብ በአሥራ አንደኛው ሳምንት አለቀ። ሁለቱም ደክሟቸው ነበር። ሁለት ወር የተባለው አራት ወር ሆነ፤ እነዚያም አሸነፍን አሉ፣ እነዚህም አሸነፍን አሉ። የአጥቂው ጉልበት በአራት ወር አልዳነም። ተሰናበተ፣ ዕቃውን ጭኖ ወደ ተወለደበት አገር ሄደ። ስማቸውን ፈርመው ከደገፉት ውስጥ ሊሸኘው የወጣ አልነበረም። ስታዲየሙ ሲከፈት ሕዝቡ ሞላው፤ ሁለተኛው ጎል ሲገባ ጠቡን የሚያስታውስ ሰው አልተገኘም።

ታኔሊና ኤስኮ እንደ ድሮው ጎን ለጎን ተቀመጡ። በዕረፍት ሰዓት ጋዜጣ ላይ ፎቶውን ያስታወሰ አንድ ሰው ወደ ታኔሊ መጣና፣ አሁን ሁሉም ካለፈ በኋላ ተጫዋቾቹ ተበድለዋል ይል እንደሆነ ጠየቀው።

“ተበድለዋል” አለ ታኔሊ። “ያኔ ያልኩት ትክክል ነበር። ግን ያንን ለማለት ከእኔ የተጠየቀ ነገር አልነበረም። የተጠየቅኩ ቀን ምን እንዳልኩ ፀጉር አስተካካዩ ቤት የነበረ ሰው ሁሉ ሰምቷል።”

ሰውየው ሌላ ነገር የሚጨምር መስሎት ጠበቀ። ታኔሊ ግን ፊቱን ወደ በረዶው አዞረ።

ወዳጆቼ፣ በሩቅ ላለ ሰው መፍረድ ከባድ አይደለም። ፍርዱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የታኔሊም ትክክል ነበር። ለሩቁ መቆርቆር ኃጢአት ነው የሚል ካለ አርቮን ይጠይቀው፤ እሱ በተቆረጠ እጁ ለማያውቀው ሰው ፈርሟል። ጥፋቱ የሚመጣው ለሩቁ የተናገርነው ቃል ከእኛው ደጅ ሲደርስ “የእኔ እኮ ሌላ ነው” ስንል ነው። የትኛውም ባለቤት በሩን ሲቆልፍ የእኔ ሌላ ነው ብሎ ነው የሚቆልፈው።

በዚህ ሳምንት ለማን ተከራከራችሁ? በዚያው ሳምንት እናንተ ብቻ ልትፈርዱለት የምትችሉት ሰውስ ማን ነበር?