የደባልቄ መንጋጋ

ጆሮ ያለው ይጠጋ፤ ጥርስ ያለው ጥርሱን በምላሱ ዳብሶ ይቀመጥ። ይህ ተረት የሚያስቅ መስሎ ይጀምራል፤ ሳቁ ግን ሩቅ አይሄድም። ቀድሜ ነግሬያችኋለሁ፤ በኋላ እንዳትወቅሱኝ።

በአንዲት የወረዳ ከተማ ደባልቄ የሚባል አናጢ ነበረ። ሚስቱ ሞታበት አንዲት ልጁን ሰዋለምን ብቻውን ያሳደገ ሰው ነው። መሮ አያያዝ፣ እንጨት አፋፋቅ ያስተማራትም እሱ ነው። ሰዋለም የፈለገችው አንድ ትንሽ ነገር ነበር፤ በጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት አንዲት ወንበር። ለክብር ብላ አይደለም። የአባቷ የታች መንጋጋ ጥርስ ከተበላ ቆይቷል፤ ጉንጩን ይዞ ሲያቃስት እየሰማች ነው ያደገችው።

ትምህርት ቤቱ ሄደች። የመዝገብ ቤቱ ሰው ወረቀቷን አገላበጠና፣ “ውጤትሽ ሞልቷል፤ ዓይንሽም ደህና ነው። እጅሽን ግን አናውቀውም። ፈታኟ እጁን አይታ ካላሳለፈችው እዚህ የሚገባ የለም” አላት። እናም ትምህርት ቤቱ አላስገባም አለ።

ፈታኟ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያሳረፈች፣ ሳቅ የማታውቅ ፕሮፌሰር ነበረች።

“ፕሮፌሰር፣ እባክዎ ይፈትኑኝ፤ ትምህርት ቤቱ እንዲያስገባኝ” አለቻት ሰዋለም።

“በምን ልፈትንሽ? በሳሙና ነው በጠመኔ? የተበላ መንጋጋ አምጪ፤ ሥሩ ያልተሰበረ። የተበላውን ፍቀሽ ታወጫለሽ፤ ደህናውን ሳትነኪ ትሞይዋለሽ። ሰው አፍ ውስጥ የተሳሳተ እጅ ላጲስ የለውም። በዚህ አልደራደርም” አለች ፈታኟ።

እውነቷን ነው። በዚህ ተረት የሚያናድደኝም ይሄ ነው፤ ሁሉም እውነቱን ነው። ፈታኟ አልፈትንም አለች፤ ትምህርት ቤቱም አላስገባም አለ።

ሰዋለም ወደ ከተማዋ ተመልሳ የሆስፒታሉን የጥርስ ሐኪም ዶክተር ይርዳውን ለመነችው። “ዶክተር፣ አንድ መንጋጋ ይስጡኝ፤ ፈታኟ እንድትፈትነኝ፣ ትምህርት ቤቱ እንዲያስገባኝ።”

ሐኪሙ ከመደርደሪያ አንዲት ብልቃጥ አወረደ። “ሰው ወደኔ የሚመጣው ጥርሱ ከፈረሰ በኋላ ነው፤ ስነቅለው ይሰባበራል። ከነሥሩ የወጣልኝ ይሄ ብቻ ነው። የእትዬ በለጡ ነው፤ አስቀምጥልኝ ብለው አደራ ሰጥተውኛል። ከሰው አፍ የወጣ የሰው ነው፤ ሳይፈቅዱ አልሰጥሽም።” ሐኪሙ አልሰጥም አለ፤ ፈታኟ አልፈትንም አለች፤ ትምህርት ቤቱም አላስገባም አለ።

እትዬ በለጡ በርበሬ ነጋዴ ናቸው። ከጆንያቸው ጀርባ ሆነው ሰሟት። “እትዬ፣ ጥርስዎን ይፍቀዱልኝ፤ ሐኪሙ እንዲሰጠኝ፣ ፈታኟ እንድትፈትነኝ፣ ትምህርት ቤቱ እንዲያስገባኝ።”

“ጥርሴን? ኧረ በስመ አብ!” አሉ እትዬ በለጡ። “በትንሣኤ ቀን ሰው ሁሉ አካሉን ሰብስቦ ሲነሣ እኔ ጥርሴን ፍለጋ ተማሪ ቤት ለተማሪ ቤት ልዙር? አብሮኝ ነው የሚቀበረው። የንስሐ አባቴ መምሬ ላቀው ኃጢአት የለበትም ካሉኝ ግን ውሰጂው፤ አልጨክንብሽም።”

እትዬ በለጡ አልፈቅድም አሉ፤ ሐኪሙ አልሰጥም አለ፤ ፈታኟ አልፈትንም አለች፤ ትምህርት ቤቱም አላስገባም አለ።

መምሬ ላቀውን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አገኘቻቸውና መስቀላቸውን ተሳለመች። “አባቴ፣ አንዲት ቃል ይናገሩልኝ፤ እትዬ በለጡ እንዲፈቅዱ፣ ሐኪሙ እንዲሰጠኝ፣ ፈታኟ እንድትፈትነኝ፣ ትምህርት ቤቱ እንዲያስገባኝ።”

መምሬ ባዶውን የበር ቦታ አሳዩአት። “አባትሽ የቤተ ክርስቲያኑን በር እሠራለሁ ብሎ፣ ጣውላውን ሰንጥቆ ደጁ ከከመረው ቆየ። የእግዜር ቤት በር አጥቶ ውሻ ሲገባበት እኔ ስለ አንድ ጥርስ አልፈርድም፣ ልጄ። አባትሽ በሩን ያቁም፤ ያን ጊዜ እናገራለሁ።”

መምሬ አልናገርም አሉ፤ እትዬ በለጡ አልፈቅድም አሉ፤ ሐኪሙ አልሰጥም አለ፤ ፈታኟ አልፈትንም አለች፤ ትምህርት ቤቱም አላስገባም አለ።

ወደ ቤቷ ሄደች። ደባልቄ ጉንጩን በሻሽ አስሮ የጣውላው ክምር ላይ ተቀምጧል። ሲያያት ሊስቅላት ሞከረ፤ አልሆነለትም።

“አባዬ፣ በሩን ሥራው፤ መምሬ እንዲናገሩ፣ እትዬ በለጡ እንዲፈቅዱ፣ ሐኪሙ እንዲሰጠኝ፣ ፈታኟ እንድትፈትነኝ፣ ትምህርት ቤቱ እንዲያስገባኝ።”

“መጋዙን ስስብ ጥርሴ ጭንቅላቴን ለሁለት ይሰነጥቀዋል። በዚህ ጥርስ ሥራ የለም፣ የኔ ልጅ።”

“እንግዲያው ይነቀል! ሐኪሙ እዚሁ አይደል?”

“ምን ብዬ እንደተናገርኩ ታውቂያለሽ።”

ታውቃለች። የፈተና ውጤቷ የመጣ ጊዜ ደባልቄ በዕድሩ ስብሰባ መሐል ብድግ ብሎ፣ “ይህን ጥርስ የባዕድ እጅ አይነካውም! ልጄ ሐኪም ሆና ራሷ ትነቅልልኛለች!” ብሎ ነበር። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ወንዶቹ አጨበጨቡ። አንድም ሰው “ሐኪም መሆን ስንት ዓመት ነው?” ብሎ አልጠየቀም። ደስታ ላይ ማን ይጠይቃል?

“ያ እኮ ጨዋታ ነው አባዬ፤ ሰዉ ረስቶታል።”

“እኔ አልረሳሁም። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል።”

“እኔ ልጥፋልህ እንግዲህ?” አለችና ፊቷን አዙራ አለቀሰች።

ደባልቄ ደነገጠ። በመሮ የጠነከረ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። “አንቺስ አትጥፊ። አንቺም፣ ቃሌም አትጥፉ። እችለዋለሁ፤ ግቢና ተምረሽ ነይ፤ እጠብቅሻለሁ።”

እስቲ አብራችሁኝ ቁጠሩ። ልጅቱ ካልተማረች ጥርሱ አይነቀል፤ ጥርሱ ካልተነቀለ በሩ አይሠራ፤ በሩ ካልተሠራ መምሬ አይናገሩ፤ መምሬ ካልተናገሩ እትዬ በለጡ አይፈቅዱ፤ እትዬ በለጡ ካልፈቀዱ ሐኪሙ አይሰጥ፤ ሐኪሙ ካልሰጠ ፈታኟ አትፈትን፤ ፈታኟ ካልፈተነች ትምህርት ቤቱ አያስገባ፤ ትምህርት ቤቱ ካላስገባ ልጅቱ አትማር። ሁሉም የራሱን ጫፍ አጥብቆ ያዘ፤ መሐል ላይ ያለውን ሰው ያየ የለም። የታመመ ጥርስ ደግሞ ወረፋ ጠብቆ አያውቅም።

እብጠቱ ከጉንጩ ወደ አገጩ፣ ከአገጩ ወደ አንገቱ ወረደ። አንድ ጠዋት ደባልቄ አፉን መክፈት አቃተው፤ ምራቁንም መዋጥ ተሳነው። ሰዋለም ያን ጊዜ ማንንም አልለመነችም። ጎረቤት ጠርታ በቃሬዛ አሸክማ ሐኪሙ ዘንድ ወሰደችው።

ሐኪሙ አፉን በስንት መከራ ከፈተና መንጋጋውን ነቀለው። ከነሥሩ ወጣ፤ አልተሰበረም።

“ቃልህን አስፈረስኩህ አባዬ፤ ይቅር በለኝ” አለች ሰዋለም።

ደባልቄ ግን ዓይኑ ሐኪሙ ላይ ነበር። በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ፣ “ጥርሱ የኔ ነው?” አለው።

“የርስዎ ነው” አለ ዶክተር ይርዳው። “ከሰው አፍ የወጣ የሰው ነው።”

“እንግዲያው ለልጄ ስጣት።”

መግሉ ግን ቀድሞ ወደ ደረቱ ወርዶ ነበር። ነገሮች ሁሉ የዘገዩበት ደባልቄ፣ ሞቱ ብቻ ፈጥኖ መጣለት። ቃሉ ከሚጠፋ፣ ልጁም ከምትጠፋ፣ እሱ ጠፋ።

መምሬ ላቀው የበሩን ጣውላ አሳይተው፣ “ሳጥኑን በዚህ ሥሩለት፤ በሩ ይቆይ” አሉ። ይህን ሲሉ ቀና ብለው ሰው አላዩም። እትዬ በለጡም ለቅሶ መጥተው ከሐኪሙ የተቀበሏትን ያቺን ብልቃጥ ከነጠላቸው ጫፍ ፈቱ። “ውሰጂው ልጄ፤ መምሬም ኃጢአት የለበትም ብለውኛል።” ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል እንዲህ ያለውን። ሰዋለም አልተቆጣቻቸውም። ትከሻቸውን ሳመችና፣ “ይቆይልዎ እትዬ፤ እኔ አግኝቻለሁ” አለቻቸው።

ፈታኟ ፊት ተቀምጣ የአባቷን መንጋጋ በጣቶቿ ያዘች። መሣሪያውን እንደ መሮ ያዘችው፤ ትንሽ አዘንብላ፣ ሳትጫን፣ እሱ እንጨት ላይ እንዳሳያት። የተበላውን ፍቃ አወጣች፤ ደህናውን አልነካችም። አጠበችው፣ አደረቀችው፣ ሞላችው። እንባዋ እንዳይወርድበት ሁለት ጊዜ ብቻ ቀና አለች።

ፈታኟ ጥርሱን ብርሃን ላይ እያገላበጠች ቆየች። “እንዲህ መያዝ ማን አስተማረሽ?”

“አባቴ።”

“እጅሽ አልፏል። ይህ ጥርስ ባለቤቱን ዕድሜ ልኩን ያበላዋል።”

ሰዋለም “አዎ” አለች።

እንዲህ ሆነና አባት ሰጠ፤ ሐኪሙ አቀበለ፤ ፈታኟ ፈተነች፤ ትምህርት ቤቱ አስገባ፤ ሰዋለምም ወንበሯን አገኘች። ትንሿ ፍላጎቷ ሞላች። ያ ፍላጎት የተፈለገለት ሰው ግን የለም።

የፈተና ጥርስ ትምህርት ቤቱ ይቀራል ቢሏት ሰዋለም እምቢ አለች። “ከሰው አፍ የወጣ የሰው ነው” አለቻቸው፤ ፈታኟም “ስጧት” አለች። ትምህርት ሳይጀመር ወደ ከተማዋ ተመልሳ መቃብሩ ራስጌ በጣቷ ጫረችና ቀበረችው። እትዬ በለጡ እንደሚሉት ከሆነ፣ ደባልቄ በትንሣኤ ቀን ሲነሣ መንጋጋውን ፍለጋ የትም አይዞርም። እዚያው ያገኘዋል፤ ልጁ ያዳነችለትን፣ የማያመውን።

እኔ ተረቴን መልሱልኝ አልልም፤ የማይመለስ ሰው አለበትና። ዳቦም አልጠይቅም። የሚያመው ጥርስ ያለው ግን ማንንም ሳይጠብቅ ነገ ይነቀል።