ማክሰኞ የጾመው ቀበሮ

ተጠጉና ስሙኝ፤ የሚያዛጋ ካለ ተነሥቶ ይተኛ። ድሮ ድሮ፣ ስሙ በጠፋ አገር፣ ወንዝ ባሕር በሚገባበት ቦታ ዛጎል የሚያረቡ እንስሳት ነበሩ። ዛጎል ስላችሁ ለአንገት የሚደረገው እንዳይመስላችሁ፤ ውስጡ ሥጋ ያለውን፣ የሚበላውን ነው የምላችሁ። ውሃው ውስጥ ካስማ ተክለው በገመድ ያንጠለጥሉታል፤ እሱም ውሃ እየጠጣ ይወፍራል። መኖ የለ፣ እረኛ የለ። የጠጣው ንጹሕ ከሆነ ይጣፍጣል፤ ከቆሸሸ ይመርዛል።

የወንዙ ራስጌ የአያ ቀበሮ ነበር። ቀበሮ ደግሞ መቼ ይጠግባል! ዛጎሉ ቶሎ እንዲወፍርለት፣ ከብት ከታረደበት ፈርስ እያመጣ ይደፋ ጀመር። ፈርሱ እሱ ዘንድ መች ይቆያል፤ ወርዶ እመት ሽመላ ገመድ ላይ ይከመራል። ሽመላ ጫጩቶቿን የምታሳድገው በዛጎል ነው። አንድ ጠዋት ከዛጎሎቿ ግማሾቹን ሞተው አገኘቻቸው።

«አያ ቀበሮ፣ በልጆቼ አምላክ፣ ፈርሱን ተው!»

«ውሃ ሄያጅ ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?»

በሌላ ቀንም እያለቀሰች መጣች። «ኧረ ልጆቼ ሊራቡብኝ ነው!»

«ውሃ ሄያጅ ነው አልኩሽ፤ እኔን ምን አገባኝ?»

በገበያ ቀን አያ ከርከሮ የቀበሮን ወፍራም ዛጎል ገዝቶ በላ። ወዲያው ሆዱን ይዞ ሲንከባለል ሰነበተ። ገዢ ደግሞ የማን ዛጎል እንደሆነ በምን ይለያል? ሁሉም ሸሸ፤ ገበያው ጭር አለ። የሽመላ ጫጩቶች ጦማቸውን አደሩ።

ሽማግሌው አባ ኤሊ ገዢና ሻጭ ሰበሰቡና፣ «እያንዳንዱ ሻጭ በገዢ ፊት ከራሱ ቅርጫት አንድ ይብላ» አሉ። ሽመላ ፈርሱ ሳይደርስባቸው ከተረፏት አንዱን በላች። ሌላዋ ሻጭ ዳክዬም በላች። የቀበሮ ተራ ደረሰ። ዛጎሎቹን ምን እንደሚያጠጣቸው ያውቃላ!

«እኔ እንኳ ጾመኛ ነኝ» አለ አንገቱን ሰበር አድርጎ።

«በማክሰኞ?» አለ ከርከሮ።

«የስለት ጾም ነው።»

«አንተ ቀጣፊ! ዛሬ ጠዋት የአይጥ ጭራ ከአፍህ ተንጠልጥሎ አላየሁህም?»

አባ ኤሊ ፈረዱ፤ ራስጌው ለሽመላ ሆነ፣ ቀበሮ ካስማውን ነቅሎ ከሁሉም በታች፣ ግርጌ ወረደ።

ከዚያ ወዲህ ቀበሮ እንቅልፍ የለውም። ማልዶ ውሃውን ያሸታል። ዳክዬ እግሯን ብትነክር፣ «የመንግሥት ያለህ! ውሃችንን በከሉት!» እያለ አገር ያቀልጣል። ከሽመላ አንድ ላባ ቢወድቅ ሽማግሌ ይጠራል። ልቡ መስሏችኋል የተለወጠው? ቦታው ነው እንጂ። የሆነው ሆኖ ውሃው ጠራ፤ ገዢው ተመለሰ፤ ጫጩቶቹም አደጉ።

ራስጌ ሳለ ፈርስ ሲደፋ የኖረ፣ ግርጌ ሲወርድ ላባ ይቆጥራል።