የዘበኛው ክፍል ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ ስኳር ከገበያ ጠፍቶ ሰው ሻይ መጠጣት በተወበት ክረምት፣ ዳገት ላይ በተሠራ አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይህ ሆነ። እኔ መፍረድ አቅቶኝ ዕረፍት አጥቻለሁ፤ እስቲ እናንተ ስሙና ፍረዱ።

የግቢው ሊቀ መንበር ሻምበል ጥላዬ ይባላሉ። እሳቸው ጡረታ ቢወጡም ትእዛዛቸው አልወጣም። «ይህ መኖሪያ ነው፣ ገበያ አይደለም» ብለው ማንም በግቢው ውስጥ እንዳይሠራ በስብሰባ አስወሰኑ። የሙዘይንን የቆርቆሮ ሱቅ በገዛ እጃቸው አሸጉት፤ እሽጉን ከሰበረ የተከራየውን ቤት ለቆ ይወጣል ተባለ። ልብስ ሰፊዋን ትርንጎንም ማሽንሽን አንሺ አሏት። እሷ ግን እግሯ ዳገቱን አያስወርዳትም፤ ሌላ ምን ትሁን፣ ደረጃው ሥር ተቀምጣ መስፋቷን ቀጠለች።

ለዚህ ሁሉ ምክንያት የሆነውን አቤቱታ ያቀረበችው ሲስተር መንበረ ነበረች። ሆስፒታል አድራ ትመጣና ቀን ትተኛለች። በአንድ በኩል የማሽኑ ጩኸት፣ በሌላ በኩል የሱቁ ደንበኛ እንቅልፍ ከነሷት ቆይተዋል።

ፍልሰታ ገባ። ሻምበል ስኳር አለባቸው። የንስሐ አባታቸው «አንተ አትጹም፣ መድኃኒትህን ውሰድ» ብለዋቸው ነበር። እሳቸው ግን ሐኪሙንም ጾሙንም ላለማስቀየም ጠዋት መርፌያቸውን ተወግተው፣ እህል ሳይቀምሱ ዘጠኝ ሰዓትን መጠበቅ ጀመሩ። ቀትር ላይ፣ አብዛኛው ሰው ቅዳሴ ሄዶ ሳለ፣ ግቢውን ሲቆጣጠሩ ደረጃው ሥር ተዝለፈለፉ።

ያየቻቸው ትርንጎ ናት። እየተጎተተች ሄዳ ጭንቅላታቸውን ደገፈች፣ ከዚያም ግቢው እስኪናወጥ ጮኸች።

መንበረ ከእንቅልፏ ባንና በባዶ እግሯ ወረደች። ላባቸውን አየች፣ እጃቸውን ያዘች። «ስኳራቸው ወርዶ ነው። ስኳር አምጡ፣ አሁኑኑ።»

«የኔ እህት፣ ከየት ይምጣ?» አለች ትርንጎ።

ሙዘይን ከታሸገው ሱቁ አጠገብ ቆሞ ይሰማል። ለሰፈሩ ሁሉ «ስኳር አልቋል» ብሎ ነበር። አላለቀም፤ ሚስቱ መውለጃዋ ስለደረሰ ለአራስ ጠያቂ ሱቁ ውስጥ ደብቆ አስቀምጦታል። ቢያወጣው ውሸታም ሊባል ነው፤ እሽጉን ቢሰብር ደግሞ ሚስቱ የምትወልድበትን ቤት ሊያጣ። ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ ድንጋይ አንስቶ የታሸገውን ጓጉንቸር ሰበረው።

መንበረ ስኳሩን በጣቷ ድዳቸው ላይ አሸች። ሻምበል ቀስ በቀስ ዓይናቸውን ገለጡ። መጀመሪያ የተናገሩት ምን መሰላችሁ? «እሽጉን ማን ነው የሰበረው?»

ሲያገግሙ ግን ያፈሩ ሰው ሆኑ። የሙዘይንን ቅጣት አስነሡለት። ስብሰባውም በግቢው በር አጠገብ ባዶዋን ያለችው የዘበኛው ክፍል ለአንድ ሰው መሥሪያ እንድትሰጥ ተስማማ፤ የቀረው ግን ሥራውን ከግቢው ያወጣል። ቁልፉን የሚሰጡት ሻምበል ናቸው።

«እኔ ደረጃው ሥር ባልቀመጥ ማን ያይዎት ነበር?» አለች ትርንጎ። «ከዚህ ካስወጡኝ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ ነው።»

«ማየት ብቻውን አላዳነም» አለ ሙዘይን። «ቤቴንም ስሜንም አስይዤ እሽጉን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ልጄ በሰላም መጥታለች፤ በምን ላሳድጋት?»

«ስኳር አምጡ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች መንበረ። «ክፍሏ ከመስኮቴ ሥር ናት። ለማንም አትስጧት፣ ተቆልፋ ትቅር። እንቅልፍ ያጣ እጅ የአንዱን መድኃኒት ለሌላው ይሰጣል። ያን ቀን የምትጎዳው የማን እናት ትሆን ይሆን?»

«ሻምበል የወደቁ ቀን ጩኸቴ ባይቀሰቅስሽስ?» አለች ትርንጎ።

ሻምበል ቁልፉን ከአንዱ ኪሳቸው ወደ ሌላው ሲያዘዋውሩ ሰነበቱ። ሦስቱም ሲያልፉ ቆመው ሰላም ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ዓይናቸውን ይሰብራሉ። ሕይወታቸው የሦስቱም ነው፣ ቁልፉ ግን አንድ።

በሉ እንግዲህ፣ ሻምበልን ብትሆኑ ክፍሏን ለትርንጎ ትሰጣላችሁ? ለሙዘይን? ወይስ ለመንበረ እንቅልፍ ስትሉ ቆልፋችሁ ትተዋላችሁ?