«በልቻለሁ» ያለው መንገደኛ

አንድ አጥናፉ የሚባል እንግዳ ወዳድ ሰው ነበር። የሚኖረው መንዝ ውስጥ፣ መሃል ሜዳ ከተማ ሲሆን ሙያው አናጢነት ነው። ቤቱ ከመናኸሪያው አጠገብ ስለነበር መኪና ያመለጠው፣ ብርድ የመታው፣ ዘመድ ያጣ መንገደኛ ሁሉ ወደ እሱ ይመራል። አጥናፉም «ቤት የእግዜር ነው» እያለ ያስገባል፤ እሳት ያነዳል፤ የራሱን አልጋ ለእንግዳው ለቅቆ መደብ ላይ ይተኛል። እንግዳው ጠግቦ፣ ሞቆት ሲያንጎላጅ ያየ እንደሆነ ደስታው ወሰን አልነበረውም።

ይህ ደግ ሰው ግን መስጠት እንጂ መቀበል አያውቅም። ጎረቤት ለጠበል ጸዲቅ ቢጠራው ሰበብ ፈልጎ ይቀራል። ቢታመም በሩን ዘግቶ ይተኛል እንጂ ለማንም አይነግርም። «የሰው ውለታ ከወፍጮ ድንጋይ ይከብዳል፤ እኔ ሰው ማስቸገር አልወድም» ይላል። ሰዎችም ይህን ትሕትና ነው ብለው ያደንቁለት ነበር። እሱም ትሕትና ይመስለው ነበር።

አጥናፉ በልጅነቱ ለትምህርት ወደ ኩባ ከተላኩት ልጆች አንዱ ነበር። አናጢነቱንም የስፓኝ ቋንቋውንም ይዞ የተመለሰው ከዚያ ነው። እዚያ ሳለ ከቦሊቪያ የመጣ አንድ ጓደኛ ነበረው። ይህ ልጅ ስለ አገሩ ሲያወራ አፍ ያስከፍታል። «እኛ አገር ደመና የሚታየው ቀና ብለው ሳይሆን ጎንበስ ብለው ነው። ሜዳው ራሱ ሰማይ ላይ ተዘርግቷል፤ ዳር ዳሩን በረዶ የለበሱ ተራሮች ይጠብቁታል» ይለው ነበር። ነገሩ ከአጥናፉ ልብ አልወጣም። ሚስት አገባ፤ ልጆች ወለደ፤ አሳደገ፤ ዳረ። ጸጉሩ ከሸበተ በኋላ አንድ ቀን «አሁንስ የእኔ ተራ ነው» አለና ትልቅ የጀርባ ሻንጣ ማዘጋጀት ጀመረ።

የሻንጣውን ነገር ተዉት! ድንኳን አለበት፤ የመኝታ ከረጢት አለበት፤ ትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ መድኃኒት፣ መርፌና ክር ሳይቀር አለበት። ልጆቹ «አባባ፣ ይህን ሁሉ ተሸክመህ ተራራ ልትወጣ ነው? በየአገሩ ሰው አለ እኮ!» ቢሉት ሳቀባቸው።

«ቤቴን በጀርባዬ ካዘልኩ የማንንም ደጅ አልጠናም» አለ።

ቦሊቪያን ከተነገረው በላይ ሆና አገኛት። ሜዳው ማለቂያ የለውም። አንገታቸው እንደ ግመል የረዘመ፣ ጸጉራቸው እንደ በግ የተድበለበለ ላማዎች ቆም ብለው እንደ ሽማግሌ ይመረምሩታል። ሴቶቹ ክብ ባርኔጣ ደፍተው፣ ቀስተ ደመና የመሰለ ጨርቅ በጀርባቸው አስረው፣ ልጅም ድንችም እሱው ውስጥ አዝለው ያልፋሉ። አጥናፉ ደገኛ ነኝና ከፍታ አይበግረኝም ብሎ ነበር። እዚያ ግን ጫማውን ለማሰር ጎንበስ ብሎ ሲነሳ እንኳ ትንፋሹ ይቆራረጣል። «የመንዝ ልጅ ጫማውን አስሮ ደከመው ቢባል ማን ያምናል?» እያለ ብቻውን ይስቃል። ልቡ እንደ ልጅ ልብ ሆኖ ነበር።

ከመንደር ወደ መንደር በእግሩ ሲሄድ በየደረሰበት ሰዎች ይጠሩታል። አንዱ «ግባና እረፍ» ይለዋል፤ ሌላዋ የተቀቀለ ድንች በጨርቅ ይዛ ትመጣለች። አጥናፉ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ» ይልና ያልፋል። ከጠዋት ጀምሮ ምንም ያልቀመሰበት ቀን እንኳ መልሱ ያው ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን በአንድ ትልቅ ተራራ ሥር ካለች ኪምሳኮታ ከምትባል መንደር ደረሰ። ከመንደሩ ዳር ዶን ሴቬሪኖና ዶኛ ኤውላሊያ የሚባሉ (ዶንና ዶኛ እንደ እኛ አቶና ወይዘሮ ማለት ነው) ላማ አርቢ አዛውንት ባልና ሚስት ይኖራሉ። አጥናፉ ከግቢያቸው አጠገብ ድንኳኑን ለመትከል ፈቃድ ጠየቃቸው። ዶኛ ኤውላሊያ «ድንኳን ምን ያደርግልሃል? ቤት አለ» አሉት። እሱ ግን አመስግኖ ድንኳኑን ተከለ። ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ አሮጊቷ በሸክላ ሳህን ትኩስ ሾርባ ይዘው መጡ። ሥጋና በውርጭ የደረቀ ድንች ያለበት ሾርባ ነው፤ እንፋሎቱ ትንን ይላል።

«እንካ ወንድሜ፣ ይህ ብርድ ሰው ይገድላል» አሉት።

አጥናፉ በሶውን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ ሊጠጣ ነበር። ሆኖም እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እግዜር ይስጥልኝ እናቴ፣ በልቻለሁ» አለ።

ሴትዮዋ ሳህኑን እንደያዙ ቀስ ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አጥናፉም በሶውን እየጠጣ «ድሆች ናቸው፤ እንኳን ራታቸውን አልተሻማኋቸው» ብሎ ራሱን አመሰገነ።

በማግስቱ ማልዶ ሻንጣውን አዝሎ ተራራውን ወጣ። ወቅቱ የአገሩ ክረምት ነበርና ከቀትር በኋላ ሰማዩ በድንገት ጠቆረ። መጀመሪያ በረዶ እንደ ጠጠር ወረደ፤ ቀጥሎ አመዳይ ተከተለ፤ ነፋሱ ደግሞ ሰው ይገፋ ጀመር። አጥናፉ ድንኳኑን ለመትከል ታገለ። ነፋሱ ከእጁ ነጥቆ ወደ ገደሉ ወሰደው። ድንኳኑን ልይዝ ብሎ ሲሮጥ ቁጭ ያደረገው ሻንጣ ተንከባለለ፤ ዓይኑ እያየ ከገደሉ ሥር ገባ። ራሱን እንደ መዶሻ ይመታው፣ ያጥወለውለው ጀመር። የከፍታ ሕመም እንደያዘው ገባውና የመጣበትን መንገድ ይዞ ወደ ታች ወረደ። ይወድቃል፤ ይነሳል፤ ደግሞ ይወድቃል። «እዚህ ብቀር ልጆቼ የት ብለው ይፈልጉኛል?» እያለ ይጨነቃል።

ከተራራው ሲወርድ መጀመሪያ ያገኘው ቤት የእነዶኛ ኤውላሊያ ነበር።

ከድንጋዩ አጥር አጠገብ ሲደርስ እግሩ ቆመ። ጣቶቹ ደንዝዘዋል፤ ልብሱ ረጥቧል፤ ቤቱ ውስጥ እሳት ሲነድ ይታየዋል። ግን አፉ አልከፈት አለው። ትናንት የመለሳቸውን ሰዎች ዛሬ ምን ብሎ ይጥራ? ዕድሜውን ሙሉ በር የሚከፍት ሰው እንጂ በር የሚያንኳኳ ሰው ሆኖ አያውቅም። ነፋሱ ገፋው መሰለኝ፣ በመጨረሻ ድምፁ ወጣ። የስፓኙ ቋንቋ ጠፍቶት በአማርኛ ጮኸ።

«ቤቶች! የእግዜር እንግዳ ነኝ! አሳድሩኝ!»

ዶኛ ኤውላሊያ ቃሉን አልሰሙትም፤ ነገሩን ግን ሰምተዋል። በሩን በርግደው ወጡ። ዶን ሴቬሪኖ ብብቱን ይዘው አስገቡት። እርጥብ ልብሱን አወለቁለት፤ በላማ ጸጉር ብርድ ልብስ ጠቀለሉት፤ አሮጊቷ እግሩን እያሹ የከፍታ ሕመም የሚያስታግሰው የኮካ ቅጠል የፈላበት ትኩስ ውሃ በጉንጭ በጉንጭ አጠጡት። አጥናፉ «ተዉ፣ እግሬን ተዉት፣ አይገባም» ለማለት ሞከረ። ጉልበት ግን አልነበረውም። ዝም ብሎ ተቀበለ።

ነፍሱ መለስ ስትልለት «እናቴ፣ ትናንት ሾርባዎን በመመለሴ ይቅር ይበሉኝ። ላስቸግራችሁ ስላልፈለግሁ ነው» አላቸው።

ዶኛ ኤውላሊያ ወደ ባላቸው ጠቆሙ። «እሱን ይቅርታ ጠይቀው። ሾርባው የእሱ ሥራ ነው። አንተ ብትመልሰው ‹ጨው በዝቶበት ይሆን? ሽታው ይሆን?› እያለ ሲቀምስ፣ ሲቀምስ፣ ድስቱን ብቻውን ጨረሰው!»

ዶን ሴቬሪኖ አፈሩና ባርኔጣቸውን ወደ ዓይናቸው ጎተቱ። ሦስቱም ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ አሮጊቷ ጠየቁት።

«አገርህ ቤት አለህ?»

«አለኝ።»

«እንግዳ ይገባበታል?»

«ከእንግዳ ተለይቶ አያውቅም» አለ አጥናፉ፣ ደስ ብሎት።

«ያቀረብክለትን ሳይቀምስ ‹በልቻለሁ› ብሎ የሚሄድብህ እንግዳ ሲያጋጥምህስ?»

አጥናፉ አሰበ። እንዲህ ዓይነት እንግዳ ገጥሞት ያውቃል። ያን ዕለት ምን እንዳጎደለ ሲያብሰለስል እንቅልፍ አልወሰደውም ነበር።

«ይከፋኛል» አለ።

«እኛ ከአንተ በምን እናንሳለን?» አሉት።

አዲስ ሾርባ ሲቀርብለት እስከ መጨረሻው ጠጣና ሳህኑን ዘረጋ። «ይጨመርልኝ» አለ። ዶን ሴቬሪኖ ጭልፋውን ለማንሳት ሲሮጡ ሊደናቀፉ ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሕመሙ ለቀቀው። ቀኑ ደግሞ የመንደሩ ትልቅ በዓል ሆነ። በዚያ ወቅት ሰዎቹ ላማዎቻቸውን ይሰበስቡና ጆሯቸው ላይ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ የክር ዘርፍ እያሰሩ ይመርቋቸዋል። ጥሩምባ ይነፋል፤ ከበሮ ይመታል። ከዚያ ሜዳው ላይ ረጅም ጨርቅ ተዘርግቶ እያንዳንዱ ሰው ከቤቱ ያመጣውን ይደፋበታል፤ አንዱ ድንች፣ አንዱ ባቄላ፣ አንዱ አይብ፣ አንዱ የደረቀ ሥጋ። ሁሉም ዙሪያውን ተቀምጦ ከሁሉም ይበላል።

አጥናፉ ይህን ሲያይ እጆቹን ተመለከተ። በሶውም ቆሎውም ገደል ገብቷል። የሚያቀርበው ነገር የለውም። በሕይወቱ ባዶ እጁን ማዕድ ቀርቦ አያውቅምና ወደ ኋላ ሸሽቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ዶኛ ኤውላሊያ አዩት። መጥተው እጁን ያዙት።

«እኔ ምንም አላመጣሁም» አለ።

«ሆድ አምጥተሃል አይደል? ሁሉም ሰው ምግብ ብቻ ይዞ ከመጣ ማን ሊበላልን ነው? ተነስ!» አሉት።

ሰዎቹ ሳቁና ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁለት። አንዱ ድንች ልጦ ሰጠው፤ አንዷ አይብ አጎረሰችው። ጉርሻውን ሲቀበል ዓይኑ እንባ አቀረረ። ያን ጊዜ የምታጎርሰውን ሴት ፊት ከቅርብ አየ። ፊቷ ያበራል። «ለካ እኔ ሳጎርስ ሰዎች የሚያዩት ይህን ነው» አለ በልቡ።

ጭፈራው ሲጀመር እሱንም ጎትተው አስገቡት። የእነሱን እርምጃ አልቻለበትም፤ ስለዚህ እስክስታ ወረደ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ወዲያው ሁሉም ሊቀዱት ተነሱ፤ የሴቶቹ ክብ ባርኔጣዎች ከራሳቸው እየወደቁ መሬት ለመሬት ተንከባለሉ። ዶን ሴቬሪኖ እስክስታውን ከማንም ቀድመው ያዙት። አጥናፉ ትንፋሽ አጥሮት ሣሩ ላይ ተዘርሮ፣ ሰማዩን እያየ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

መሄጃው በደረሰ ጊዜ የመንደሩ ሰዎች ተሰበሰቡ። ብርድ ልብስ፣ ደረቅ ድንች፣ አይብ፣ በላማ ጸጉር የተሠራ ቆብ አመጡለት። ዶኛ ኤውላሊያ ሁሉንም በራሳቸው ባለ ቀለም ጨርቅ ጠቀለሉትና ወደ እሱ ቀረቡ። የአጥናፉ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ደረቱ ተነሳ፤ «አመሰግናለሁ፣ አያስፈልግም» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ደረሰ።

ዋጠው። ዞሮ ጀርባውን ሰጣቸው፤ አሮጊቷ አጭር ነበሩና እንዲደርሱለት በጉልበቱ ተንበረከከ።

«ጠበቅ አድርገው ይቋጥሩልኝ እናቴ፣ መንገዱ ሩቅ ነው» አለ።

ዶኛ ኤውላሊያም እየሳቁ፣ እያለቀሱ ቋጠሩለት።

ወዳጆቼ፣ መስጠት ደስታ መሆኑን የሰጠ ሁሉ ያውቃል። እንግዲያው ሁልጊዜ እየሰጠ ከሰው አልቀበልም የሚል ሰው፣ ደግ ቢመስልም፣ ያን ደስታ ለብቻው ይዞ ሌላውን የሚነፍግ ነው። አንዳንዴ ለሰው የምንሰጠው ትልቁ ስጦታ እጃችንን ከፍተን፣ ያቀረበልንን መቀበል ነው። የሚጎርስ ከሌለ የሚያጎርስ የለም።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በቅርቡ «ተዉት፣ አትቸገሩ፣ በልቻለሁ» ብላችሁ የመለሳችሁት ሰው ማን ነው? ዛሬ ደጁን አንኳኩና «እርቦኛል» በሉት። ፊቱ ሲያበራ ታያላችሁ።