ጭቃው ሳይቦካ የተጠራ ደቦ

ነገር ሳይበስል የሚጣደፍ ሰው ሲያዩ የሚወረውሩበት አንድ አባባል አለ። ሰሚው ሁሉ ይስቃል፤ ይርገዱ ግን ስቃበት አታውቅም። አባባሉ የወጣው ከእሷው ግድግዳ ነውና።

ይርገዱ ከባሏ ከጓንጉል ጋር በአማቷ ቤት ተጠግታ ትኖር ነበር። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ፣ ክረምቱ ሳይጠና በገዛ ቤቷ ልትወልድ ቆርጣ ተነሳች። ቤቱ ተማግሮ፣ ክዳኑም አልቆ የቀረው ምርጊት ብቻ ነው። አፈሩን ከጤፍ ጭድ ጋር እየለወሰች፣ ውኃ ከወንዝ እየቀዳች፣ ያን ሆዷን ይዛ ጠዋት ማታ ትረግጠዋለች። ጭቃ ደግሞ ጊዜውን ይፈልጋል፤ ጭዱ በስብሶ ካልተዋሃደውና ካልሸተተ ቦካ አይባልም።

ጓንጉል ጭቃውን በእግሩም አልነካው። የእሱ ሐሳብ ለደቦው የተጠመቀው ጠላ ላይ ነበር። እናቱ ጠላው ደረሰ ባሉ ቀን፣ ሚስቱን ሳያማክር አገሩን ለማግስቱ ጠርቶ መጣ። ይርገዱ ጭዱ ገና ቢጫ መሆኑን አሳየችው፤ ሳምንት እንዲታገስ ለመነችው።

«ጠላው ኮምጥጦ የሰው መሳቂያ ልሁንልሽ? ጭቃ ያው ጭቃ ነው» አላት።

ደቦው መጣ፤ ተጠጣ፣ ተዘፈነ፣ ተመረገ። ጓንጉል ዋንጫ ይዞ እየተንጎራደደ ምርቃቱን ለብቻው ተቀበለ። ግድግዳው ሲደርቅ ተሰነጣጠቀ፤ ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ዶፍ ሲወርድ ከላይ እስከ ታች ተገሽልጦ ወደቀ። ይርገዱ ምጧ ቀርቦ ነበር። ዝናቡ በማገሩ መሀል እየገባ ልትወልድበት ያሰበችውን ቤት ወለል አራሰው።

ይህ አልበቃ ብሎት ጓንጉል፣ ሰክረው አበላሹብኝ ብሎ የደቦውን ሰዎች ሊከስ የመንደሩን ሽማግሌ አያ ደምለውን ይዞ መጣ። ይሄኔ የይርገዱ ትዕግሥት አለቀ።

«እኔ ጭቃ ስረግጥ አንተ ጋን ስትጠብቅ ከረምህ። አሁን ደግሞ በነፃ የሠራልህን ሰው ትከሳለህ? ልጅህን የት ልውለደው? ጋንህ ውስጥ?»

ጓንጉል ሊመልስ አፉን ሲከፍት አያ ደምለው በእጃቸው ከለከሉት። ከወደቀው ጭቃ አንድ ጓል አንስተው ሰበሩት፤ ጭዱ ከአውድማ እንደወጣ ነው። አሸተቱት፤ አፈር አፈር ብቻ ይላል። ጓሉን እግሩ ሥር ወረወሩና፣ «ስማ አንተ፣ ጠላ ስለ ደረሰ ጭቃ አይቦካም» አሉት።