ደጅ ላይ የሚራገፍ ሸክም

አንድ የእህል ነጋዴ ነበር፤ ስሙ ይመኑ። ንግዱ እየሰፋ ሲሄድ እንቅልፉ ጠበበ። ሌሊት ልቡ ይደልቃል፣ ቀን ጨጓራው ይነድዳል። ይህ የአንድ ሰሞን ሕመም አልነበረም፤ ዓመታት አብሮት ኖሯል። የታወቀ ሐኪም ዘንድ ሄዶ "ዕረፍት ያስፈልግሃል" ቢባል፣ "ከየት አባቴ ላምጣው?" ብሎ ተቆጥቶ ወጣ።

ቤት ሲገባ ወጡ ቀዘቀዘ ብሎ ይጮኻል፤ ፈጀኝ ብሎም ይጮኻል። ሚስቱ ውድነሽ ስትታገሥ ኖራ በመጨረሻ ቆረጠች።

"ለፋሲካ ልጄን ይዤ አባቴ ቤት እሄዳለሁ። ከዚያ ወዲያ አልመለስም።"

ይመኑ ደነገጠ። አክስቱን ወይዘሮ ማንጠግቦሽን ከገጠር አስመጥቶ አስታርቁኝ አላቸው። አሮጊቷ መጥተው አገባብ አወጣጡን ሲታዘቡ ሰነበቱ። አንድ ቀን ማምሻውን ከገበያ ሲመለስ ደጅ ቆመው ጠበቁት። በቅሎዋን አራግፎ ኮርቻዋን አወረደ፤ በቅሎዋም አቧራው ላይ ተንደባለለች። እሱ ሊገባ ሲል በሩን በምርኩዛቸው ከለከሉት።

"ምነው እቴቴ? ደክሞኛል እኮ!"

"በቅሎዋን አራገፍክ። አንተን ማን ያራግፍህ?"

"እኔ ደግሞ ምን ተጫንኩ?"

"መላውን ገበያ! ግንባርህ ላይ እስካሁን ይከራከራል። ለመሆኑ ወንድሜ ይቀመጥበት የነበረው ድንጋይ የታለ?"

ይመኑ አቀረቀረ። "የመጋዘኑ መሠረት ውስጥ ገባ።"

"ጎበዝ! የአባትህን ዕረፍት ቀብረህ እህል ከመርክበት።"

አባቱ ከገበያ ሲመለሱ እዚያ ድንጋይ ላይ ይቀመጡ ነበር። እግራቸውን ይታጠባሉ፤ አላፊ አግዳሚውን ስለ ከብቱና ስለ ልጁ ይጠይቃሉ፤ ወፎች ማደሪያ ሲሻሙ ያዳምጣሉ። ፀሐይ ከጋራው ኋላ ስትገባ ይነሣሉ። ያን ሰዓት ማንም አይጠራቸውም፤ ሥራ ፈት ብሎ የሚያማቸውም አልነበረም። ያ ምሽት እንዴት ረጅም ነበር!

"ያኔ ችግር አልነበረማ" አለ ይመኑ።

"ድርቁን ረሳኸው? ከብቱ ባለቀበት ዓመትም ተቀምጧል። የሚቀመጠው ችግር ስለሌለ አልነበረም፤ ችግሩ ገብቶ ከእኛ ጋር ራት እንዳይበላ ነው።"

ይመኑ መሬት ላይ ተቀመጠ። ወዲያው ተነሣና "አሁንስ ልግባ?" አለ።

"ፊትህ ገና ቅዳሜ ገበያ ነው። ቁጭ በል!"

ከውስጥ የውድነሽ ሳቅ ተሰማ። በዚያ ቤት ሳቅ ከጠፋ ከርሞ ነበር።

ልቡ በአንድ ምሽት አልረጋም። ሆኖም በየማታው ተቀመጠ፣ እግሩን ታጠበ፣ ከጎረቤት ተጨዋወተ፣ በጊዜ ተኛ። የተቆጣባቸው ቀናትም ነበሩ፤ በማግስቱ ግን ተመልሶ ተቀመጠ። ፋሲካ ሲቃረብ ውድነሽ ለአባቷ መልእክት ላከች፦ "ለበዓሉ ሦስታችንም እንመጣለን፤ ሲያልፍ ሦስታችንም እንመለሳለን።"

ጭንቀት በአንድ ቀን አይከመርም፤ በአንድ መድኃኒትም አይወርድም። በየቀኑ የተጫነ በየቀኑ መራገፍ አለበት። የቀድሞ ሰዎች ኑሯቸው ከእኛ የቀለለ አልነበረም፤ ማራገፍን ግን ያውቁበት ነበር። እኛ መቀመጫቸውን ነቅለን መጋዘን ሠራንበት፤ ዛሬ ደግሞ በነጻ ያወረሱንን ዕረፍት ከባዕድ አሠልጣኝ በገንዘብ እየገዛን "አዲስ ጥበብ" እንለዋለን።

ዛሬ ማታ በርዎን ሲከፍቱ፣ ቤተሰብዎ የሚቀበለው እርስዎን ነው ወይስ ገበያዎን?