ገመዱ አይሸጥም

ተረት ተረት። «የመሰረት» በሉና ጠጋ ጠጋ በሉ።

በድሮ ጊዜ፣ ከጥልቅ ገደል አፋፍ ላይ ይታይሽ የምትባል ሴት ነበረች። ማንጠግቦሽ ከምትባል ልጇ ጋር ትንንሽ በጎች ታረባ ነበር። በጎቹ ከእናቷ የወረሰቻቸው፣ የጥንት ዘር ናቸው። ቁመታቸው ከጉልበት አያልፍም፤ ጠጉራቸው ግን ብርድ አያስገባም። ጎረቤቶቿ ትልልቅ በጎች ነበሯቸውና «ይታይሽ፣ በግ ነው ወይስ ድመት የምታረቢው?» ይሏታል። እሷም «ድመት ቢሆኑማ አይጥ ይይዙልኝ ነበር» ብላ አብራ ትስቃለች።

በዚያ አገር አንድ ልማድ ነበር። በግ የሸጠ ሰው ገመዱን ፈትቶ ይዞ ይመለሳል። በጉ ይሸጣል፤ ገመዱ አይሸጥም። ምክንያቱን ግን ሰዉ ረስቶት ነበር።

ገደሉ ውስጥ ደግሞ ጭራቅ ይኖር ነበር። በገበያ ቀን ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ደግ ሽማግሌ መስሎ ይወጣል። አንድ በግ ይገዛና «ገመዱንም ጨምሩልኝ» ይላል። ገመዱን የሰጠው ሰው ቤቱ ሲደርስ በረቱ ባዶ ነው። በጎቹ የት እንደገቡ ማንም አያውቅም።

አንድ ቀን ይታይሽን እግሯን አመማት። ማንጠግቦሽ አንድ ጠቦት ይዛ ብቻዋን ገበያ ወረደች። እናቷ ገመዱን ይዘሽ ነይ ብላ አስጠንቅቃታለች። ሽማግሌው መጣ፤ ጠቦቱን ገዛ። ገመዱን ጠየቃት። አይሆንም አለችው። ደግሞ ጠየቃት። አሁንም አይሆንም አለችው። በሦስተኛው እጁን ዘርግቶ፣ «ልጄ፣ የሽማግሌ እጅ ባዶውን ትመልሻለሽ?» አላት። ማንጠግቦሽ ሽማግሌ አክብሪ ተብላ ያደገች ልጅ ናት። አፈረችና ሰጠችው።

ቤቷ ስትደርስ በጎቹ ከበረት ወጥተው ወደ ገደሉ ይሄዳሉ። ልትመልሳቸው ሮጠች። እግሯ ግን አልታዘዛትም። እሷም እንደ በጎቹ ወደ ገደሉ መራመድ ጀመረች።

«እማዬ፣ እግሬ እምቢ አለኝ» አለች።

ይታይሽ እያነከሰች ወጥታ ወገቧን ያዘቻት። አልቻለቻትም። ይኼኔ ድምቡሼ የምትባለው አሮጊቷ በግ እየተጎተተች እንደ ሰው ተናገረች።

«ገመድ የገመደውን እጅ ያውቃል» አለች። «ያንን ገመድ የገመድሽው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ያሳደግሽውን ሁሉ ይጎትታል። ልጅሽንም ያሳደግሻት አንቺ ነሽ። ከጠጉሬ ንጪና ቀድመሽን ውረጂ።»

ይታይሽ «ጌታዬ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ» አለች። የድምቡሼን ጠጉር በቀሚሷ ሙሉ ነጭታ በአቋራጭ ወረደች።

ጭራቁ ከገደሉ ወገብ ላይ ካለው ዋሻው ደጃፍ ተቀምጦ ገመዱን ይጎትታል። አሁን ጋቢው የለም፤ ጥርስ ብቻ ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ በገዛ እግርሽ መጣሽልኝ?» አላት።

«መጣሁ፣ ጌታው» አለችው። «ግን በዚህ አጭር ገመድ የሚመጡልህ የኔ ትንንሾች ብቻ ናቸው። ረጅም ገመድ ቢኖርህ የበለጠ ትጎትት ነበር። ጠጉሩን ይኸው።»

ጭራቁ ምራቁን ዋጠ። ገምጂልኝ አላት።

«እኔ ከገመድኩት ለኔ ይታዘዛል። ለአንተ እንዲታዘዝ አንተው ገምደው።»

መግመድ ደግሞ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ጭራቁ የአሮጌውን ገመድ አንድ ጫፍ በእግሩ ጣት ላይ አሰረ፤ ሌላውን አስያዛት። ከለቀቅሽው እበላሻለሁ አላት። ከዚያ ጠጉሩን በጭኑ ላይ እያንከባለለ መግመድ ጀመረ።

የይታይሽ ገመድ ሦስት ክር ነበረው። በጎቹ እየጮሁ ሲመጡ ይሰማታል። ቀስ ብላ አንደኛውን ክር ፈታች። በጎቹ ዝግ አሉ። ሁለተኛውን ፈታች። በጎቹ ቆሙ። ማንጠግቦሽ ግን አልቆመችም።

ጭራቁ ቀና አለ። «ጣትሽ ምን ይሠራል?»

«ሥራ መፍታት አያውቅም፣ ጌታው።»

ጭራቁ ወደ ሥራው ተመለሰ። ይታይሽ አሻቅባ ብታይ ልጇ ገደሉ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ሦስተኛው ክር ተቋጥሮ እምቢ አላት። በጥርሷ ያዘችው። ማንጠግቦሽ አንድ እግሯን አየር ላይ አነሣች። ክሩ ተፈታ። ልጅቷ ባለችበት ቆመች፤ ከዚያም እግሯን ወደ ኋላ መለሰች።

ጭራቁም አዲሱን ገመድ ጨርሶ ብድግ አለ። ጎተተ። ምንም አልመጣም። ደግሞ ጎተተ። ምንም። በሦስተኛው ባለ በሌለ ኃይሉ ጎተተ። ገመዱ የገመደውን እጅ ያውቃል፤ ያ እጅ ያሳደገውን ፈለገ። ጭራቅ ይነጥቃል እንጂ ምን አሳድጎ ያውቃል? ያሳደገው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ የገዛ ሆዱ። ገመዱ ሆዱ ላይ ተጠመጠመ፤ ጎተተው፤ ከነጥርሱ ገደል ገባ። ሲወድቅ የተሰማው እንኳ ቆይቶ ነው።

ይታይሽ ጠቦቱን ከዋሻው አውጥታ ወደ ልጇ ወጣች። ማንጠግቦሽ እያለቀሰች ይቅርታ ጠየቀቻት። እናቷም አቅፋ ይዛ፣ «ሽማግሌ ማክበርሽ መልካም ነው። አይሆንም ማለትም ግን ነውር አይደለም» አለቻት።

ከዚያ በኋላ በረታቸው ባዶ የቀረ ጎረቤቶች እየተሽኮረመሙ መጡ። ከነዚያ ድመቶችሽ ለዘር የሚሆን ሽጪልን አሏት። ሸጠችላቸው። ገመዱን ግን እየፈታች ትይዛለች።

ልጆቼ፣ በእጃችሁ ያሳደጋችሁት ይከተላችኋል፤ የነጠቃችሁት ግን አይከተላችሁም። እንዳትሰጡ የተባላችሁትን ደግሞ፣ ሦስቴ ብትጠየቁም አትስጡ።

ተረቴ በረቷ ገባች፤ መዝጊያውን ዝጉልኝ።